የአዳኙ ጠረንና የአጋዘኑ አፍንጫ፦ የጠረን መከላከያ መሣሪያዎች ዋጋቸውን ያወጣሉን?

በአሜሪካ የአጋዘን አደን ወቅት ሲቃረብ የአደን ዕቃ መደብሮች አንድን ተስፋ በብዙ መልክ ይሸጣሉ። የከሰል ዱቄት በጨርቁ ውስጥ የተያዘበት ልብስ፣ የብር ክር የገባበት የውስጥ ልብስ፣ ሽታ አልባ ሳሙና፣ በጫማና በቦርሳ ላይ የሚረጭ ፈሳሽ፣ ልብስን በኦዞን የሚያጥን ከረጢት፣ ከአዳኙ ራስ በላይ በዛፍ ግንድ ላይ የሚታሰር የኦዞን ማመንጫ ሁሉም በአንድ መደርደሪያ ይገኛሉ። ዋጋቸው ከጥቂት ዶላር እስከ ብዙ መቶ ዶላር ይደርሳል። ቃል ኪዳናቸው ግን አንድ ነው፤ እንስሳው ሰው በአቅራቢያው መኖሩን በአፍንጫው እንዳያውቅ ማድረግ።

ስለነዚህ ዕቃዎች የሚነሣው ክርክር ዘወትር «ጠረንን ይቀንሳሉ ወይስ አይቀንሱም?» በሚለው ጥያቄ ላይ ይሽከረከራል። ጥያቄው የተሳሳተ ነው። አብዛኞቹ ጠረንን በተወሰነ መጠን ይቀንሳሉ፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። አዳኙ ገንዘቡን የሚያወጣው ግን ጠረን እንዲቀንስለት ብቻ አይደለም፤ ሳይሸሽ ወደ ተኩስ ርቀት የሚገባ አጋዘን እንዲበዛለት ነው። በመጀመሪያው ውጤትና በሁለተኛው መካከል ያለው ርቀት የሻጮቹ ማስታወቂያ ከሚያስበው እጅግ የሰፋ ነው። ይህ ጽሑፍ ያን ርቀት በቁጥር ለማሳየት ይሞክራል፤ ከዚያም ውድ የሆኑት መሣሪያዎች፣ በተለይም በሜዳ ላይ የሚሠራው የኦዞን ማመንጫ፣ አሁን ባለው ማስረጃ ዋጋቸውን እንደማያወጡ ይሞግታል።

በቅድሚያ ስለ ስሙ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። በአማርኛ «አጋዘን» የሚለው ቃል በኢትዮጵያ ሲነገር ቀንዳቸው የማይወድቅ እንስሳትን፣ ለምሳሌ የደጋ አጋዘንን፣ ያመለክታል። እዚህ የሚነገርለት እንስሳ ከነዚህ የራቀ ቤተሰብ አባል ነው። ቀንዱን በየዓመቱ የሚጥል፣ ከሰሃራ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ የዱር ዘመድ የሌለው፣ በመጽሐፍ ቅዱስ የአማርኛ ትርጉም «ዋላ» ከሚባለው ጋር የሚቀራረብ ነጭ ጅራት አጋዘን ነው። በሰሜን አሜሪካ ቁጥሩ ወደ 30 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል። የአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2016 ባካሄደው ብሔራዊ ጥናት 11.5 ሚሊዮን አዳኞች ተቆጥረው ነበር፤ ከነርሱም የሚበዙት የሚያድኑት ይህንኑ እንስሳ ነው። እንግዲህ ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ጨዋታ አይደለም፤ ለብዙ ቤተሰብ የክረምት ሥጋ፣ ለክልል መንግሥታት ደግሞ የእንስሳቱን ብዛት የመቆጣጠሪያ ዋና መንገድ ነው።

የእንስሳው አፍንጫ ኃያል መሆኑን ማንም አይከራከርም። በገበያው ላይ ግን ምንጫቸው የማይታወቅ ቁጥሮች በብዛት ይዘዋወራሉ፤ «ከሰው ይህን ያህል ሺህ እጥፍ ያሸታል» የሚሉ ዐረፍተ ነገሮች በየዕቃው መጠቅለያ ላይ ይነበባሉ። ይበልጥ የሚታመነው መለኪያ የዘረ መል ቆጠራ ነው። በጃፓናዊው ተመራማሪ ዮሺሂቶ ኒሙራ የተመራው የ2014 ጥናት በሰው ላይ 396፣ በውሻ ላይ 811፣ በላም ላይ 1,186 የሚሠሩ የሽታ ተቀባይ ዘረ መሎችን ቆጥሯል። አጋዘን እንደ ላም የሚያመሰኳ እንስሳ ነው፤ ስለዚህ የሽታ ዓለሙ ከሰው እጅግ የበለጸገ መሆኑን መገመት ይቻላል። ይሁን እንጂ የዘረ መል ብዛት የሚለያዩትን ሽታዎች ዓይነት እንጂ አንድ ሽታ ከምን ያህል ርቀት እንደሚታወቅ በቀጥታ አይናገርም።

የርቀት ሒሳብ

አዳኝ በአንድ ስፍራ ተቀምጦ ሲጠብቅ ጠረኑ ሳያቋርጥ ይወጣል፤ ነፋስም እየጎተተ ይዘረጋዋል። ከምንጩ በራቀ ቁጥር በጎንና ወደ ላይ እየሰፋ ይሳሳል። በአየር ብክለት ጥናት ዘንድ በሚሠራበት ግምት፣ ከመሬት አጠገብ ካለ ምንጭ የሚወጣ ንጥረ ነገር አማካይ ክምችቱ በግርድፉ ከርቀቱ ካሬ ጋር በተገላቢጦሽ ይቀንሳል። መሬቱ፣ ዛፉና የአየሩ ጠባይ ይህን ሕግ ቢያዛቡትም ለአሁኑ ክርክር በቂ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ድምዳሜ ቀላል ቢሆንም በአደን ዓለም ሲነገር አይሰማም። አጋዘኑ አንድን ጠረን የሚያውቀው ክምችቱ ከተወሰነ ደፍ ሲያልፍ ነው ብለን እናስብ። አንድ መሣሪያ ከምንጩ የሚወጣውን ጠረን ግማሽ ቢያስቀር፣ የሚታወቅበት ርቀት በግማሽ አይቀንስም፤ የሚካፈለው ለ2 ካሬ ሥር፣ ማለትም ለ1.4 ነው። ለምሳሌ ያህል ያልታጠበ አዳኝ በ300 ሜትር ይሸተት የነበረ ከሆነ አሁን በ212 ሜትር ይሸተታል። መሣሪያው 90 በመቶ ቢያስቀር ርቀቱ ወደ 95 ሜትር ይወርዳል። ወደ 30 ሜትር ለማውረድ 99 በመቶውን ማስቀረት ያስፈልጋል። በቀስት የሚያድን ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚተኩሰው ከ20 እስከ 30 ሜትር ባለው ርቀት ነው። ስለዚህ 90 በመቶ ጠረን የሚያስቀር ልብስ፣ በቤተ ሙከራ መለኪያ ድንቅ ውጤት ቢሆንም፣ ከነፋሱ በታች ለቆመው አጋዘን አዳኙን ከቀስቱ ርቀት ሦስት እጥፍ ላይ ሆኖ ያሳውቀዋል።

በዚህ ሒሳብ ላይ ሊነሣ የሚገባ አንድ ተቃውሞ አለ፤ አማካይ ክምችት የተሟላ ሥዕል አይሰጥም። በእውነተኛ ሜዳ ላይ ጠረን እንደ ወጥ ደመና አይጓዝም። እንደ ጢስ ክር እየተጠመዘዘ፣ እየተቆራረጠ ይደርሳል። በአንዲት ቅጽበት አፍንጫው ላይ የሚያርፈው ክር ከአማካዩ ብዙ እጥፍ የጠነከረ ሊሆን ይችላል። ይህ ተቃውሞ ግን መሣሪያውን አይጠቅምም፤ ይልቁንም እንስሳው በአንድ ጠንካራ ክር ብቻ ሊነቃ ስለሚችል ከላይ የተሰሉት ርቀቶች ለአዳኙ የቸሩ ናቸው ማለት ነው።

ለመሆኑ 90 በመቶ የሚለው ራሱ ይቻላልን? የሰው ጠረን ምንጭ አንድ አይደለም። ከብብት የሚወጡ አሲዶች፣ ከቆዳ የሚረግፍ ቅርፊት፣ ከጸጉር ቅባት፣ ከጫማ፣ ከመኪናው የተጣበቀ የነዳጅ ሽታ አለ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እስትንፋስ አለ። ዐርፎ የተቀመጠ ጎልማሳ በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር አየር ያስወጣል። ከዛፍ ላይ ለአራት ሰዓት የተቀመጠ ሰው ከ1,400 ሊትር በላይ፣ አሴቶንና አይሶፕሪን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮችን የያዘ ሞቃት አየር ወደ ነፋሱ ይለቃል። ልብስ ምንም ያህል ረቂቅ ቢሆን ይህን አይነካውም። አዳኙ መተንፈሱን ካላቆመ በቀር።

ከሰሉ፣ ፍርድ ቤቱና ውሾቹ

አክቲቬትድ ካርቦን የታወቀ ቁስ ነው። በውኃ ማጣሪያና በጋዝ ጭንብል ውስጥ የሚሠራው በገጹ ላይ ያሉት እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የጋዝ ሞለኪውሎችን ይዘው ስለሚያስቀሩ ነው። በልብስ ውስጥ ሲገባም ይህ ባሕርዩ አይጠፋም። ችግሩ ያለው በሦስት ቦታ ነው። በአየር ውስጥ ያለው እርጥበትና የአዳኙ ላብ ከጠረኑ ጋር ለነዚያው ቀዳዳዎች ይሻማሉ። የጭንብሉ አየር ተገድዶ በከሰሉ ውስጥ ሲያልፍ፣ የልብሱ አየር ግን በአንገትና በእጅጌ፣ ሰውነት ሲንቀሳቀስ እንደ ወናፍ እየተገፋ ይወጣል። ሦስተኛውና ብዙ ያከራከረው ደግሞ ከሰሉ ሲሞላ ምን ይደረጋል የሚለው ነው። አምራቾች ልብሱን በቤት ውስጥ ማድረቂያ ማሽን በማሞቅ «እንደገና ሕያው» ማድረግ እንደሚቻል ሲናገሩ ኖረዋል። በኢንዱስትሪ ያገለገለ ከሰል የሚታደሰው ግን 800 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ በሚደርስ ሙቀት ነው። የቤት ማድረቂያ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ቢደርስ ነው። በዚህ ሙቀት ቀላልና ተለዋዋጭ ሞለኪውሎች በከፊል ይለቃሉ፤ ከባዶቹ የቆዳ ቅባቶች ይቀራሉ።

ይህ ክርክር እ.ኤ.አ. በ2007 በሚኒሶታ ፌደራል ፍርድ ቤት ደርሷል። የተወሰኑ አዳኞች ሴንት-ሎክ በሚል መለያ የሚታወቀውን ልብስ በሚያመርተው ድርጅትና በሌሎች ሻጮች ላይ፣ ማስታወቂያው ሸማችን ያሳስታል በማለት ክስ አቀረቡ። በ2010 የሥር ፍርድ ቤቱ ከማስታወቂያዎቹ አንዳንዶቹ ሐሰት መሆናቸውን ወስኖ እግድ ሰጠ። በ2011 ደግሞ የስምንተኛው ክልል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እግዱን ሻረው፤ «ጠረን አስወጋጅ» የሚለው አነጋገር ጠረንን አንድም ሳያስቀር ያጠፋል ማለት ብቻ ነው የሚለውን ንባብም አልተቀበለም።

ከሁለቱ ወገን የመጡ ሰዎች ይህን ፍርድ ልብሱ እንደሚሠራ ወይም እንደማይሠራ ማስረጃ አድርገው ይጠቅሱታል። ሁለቱም ይሳሳታሉ። ፍርድ ቤቱ የመረመረው የቃላትን ትርጉምና የከሳሾችን መብት ነው፤ አጋዘን ወደ ምስክር ሳጥኑ አልቀረበም። «መቀነስ» እና «ማጥፋት» የሚሉትን ቃላት መለየት ለማስታወቂያ ሕግ ትልቅ ነገር ቢሆንም፣ ከላይ እንደታየው ለአዳኙ 50 በመቶውም 90 በመቶውም ከነፋስ በታች ያው ውጤት ሊሰጡት ይችላሉ።

ወደ ጉዳዩ ይበልጥ የቀረበው ማስረጃ የመጣው ከውሾች ነው። ጆን ሺቪክ እ.ኤ.አ. በ2002 በዋይልድላይፍ ሶሳይቲ ቡለቲን ባሳተመው ጥናት፣ የካርቦን ልብስ የለበሱና ያልለበሱ ሰዎች ተደብቀው በሠለጠኑ ፈላጊ ውሾች እንዲፈለጉ ተደረገ። ልብሱ ውሾቹ ሰውን እንዳያገኙ አላደረገም። በፍለጋው ላይ ይበልጥ ተጽዕኖ ያሳዩት የአየር ጠባይ ሁኔታዎች፣ ከነርሱም የነፋሱ መለዋወጥ፣ ነበሩ። ውሻ አጋዘን አይደለም፤ የሠለጠነ ውሻ ሰውን ፈልጎ ለሽልማት ይሮጣል፣ አጋዘን ግን ለመኖር ይሸሻል። ይህ ልዩነት የጥናቱን አጠቃላይነት ይገድባል። ነገር ግን ልብሱ ጠረንን ከምንጩ «የሚያጠፋ» ቢሆን ኖሮ የትኛውም አፍንጫ ልዩነቱን ማሳየት ነበረበት።

ኦዞን በሜዳ ላይ

ኦዞን ከሌሎቹ ተለይቶ መታየት ይገባዋል፤ ምክንያቱም ሁለት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ አጠቃቀሞች በአንድ ስም ይሸጣሉ። የመጀመሪያው ልብስን በተዘጋ ከረጢት ወይም ሣጥን ውስጥ ማጠን ነው። በተዘጋ ቦታ የኦዞኑ ክምችት ከፍ ይላል፣ ጊዜውም ደቂቃዎች ወይም ሰዓታት ነው። በዚህ ሁኔታ ብዙ ሽታዎች በእርግጥ ይለወጣሉ፣ ባክቴሪያም ይቀንሳል። ላስቲክና የሚለጠጥ ክር ቀስ በቀስ መሰነጣጠቁ የሚከፈል ዋጋ ነው።

ሁለተኛው ከአዳኙ በላይ ተሰቅሎ ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ኦዞን የሚነፋው መሣሪያ ነው። እዚህ ላይ የኬሚስትሪ ጊዜ ወሳኝ ይሆናል። በሰከንድ 2 ሜትር የሚጓዝ ለስላሳ ነፋስ የአዳኙን ጠረን 20 ሜትር ለማድረስ የሚፈጅበት 10 ሰከንድ ነው። ኦዞን ሥራውን መጨረስ ያለበት በነዚህ 10 ሰከንዶች ነው። ከኦዞን ጋር በፍጥነት ከሚዋሐዱት መካከል የሚቆጠረውን፣ በሎሚ ልጣጭ ሽታው የሚታወቀውን ሊሞኒን ብንወስድ፣ ከሚሊዮን የአየር ክፍል 0.1 ኦዞን በሆነበት ቦታ አማካይ ዕድሜው 30 ደቂቃ ያህል ነው። በ10 ሰከንድ ውስጥ የሚጠፋው ከመቶ ግማሽ ብቻ ነው ማለት ነው። ኦዞኑን አሥር እጥፍ አሳድገን ከሚሊዮን 1 ብናደርሰው እንኳ የሚጠፋው 5 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ኦዞንን ለሚወድ ሞለኪውል የተደረገ ስሌት ነው። ከእስትንፋስ የሚወጣው አሴቶንና የላብ ጠረን አካል የሆኑት የተሞሉ አሲዶች ከኦዞን ጋር ከነጭራሹ አይዋሐዱም ቢባል ይቀላል።

በዚህ ላይ ጤና ይጨመርበታል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና አስተዳደር ለስምንት ሰዓት የሥራ ቀን የፈቀደው ከፍተኛ የኦዞን መጠን ከሚሊዮን 0.1 ነው። የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም እንደ አየር ማጽጃ ስለሚሸጡ የቤት ውስጥ ኦዞን ማመንጫዎች ሲገልጽ፣ የጤና ገደብን ባላለፈ መጠን ኦዞን የቤት ውስጥ አየርን ከብክለት የማጽዳት አቅሙ አነስተኛ መሆኑን ካስታወቀ ቆይቷል። በአራት ግድግዳ መካከል ያልቻለውን በክፍት ጫካ እንዴት ይችለዋል? አዳኙን የማይጎዳው መጠን ጠረኑን አይነካም፤ ጠረኑን የሚነካው መጠን አዳኙ አጠገብ ሊኖር አይገባም።

ከዚህም አልፎ ኦዞን ሽታን «ያጠፋል» የሚለው አነጋገር በኬሚስትሪ ቋንቋ ስሕተት ነው። አርሚን ዊስታለርና ቻርልስ ዌሽለር እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳሳዩት ኦዞን በሰው ቆዳ ላይ ካለው ስኳሊን ከተባለው ቅባት ጋር ሲገናኝ 6-ሜቲል-5-ሄፕቴን-2-ኦንን የመሳሰሉ፣ ከበፊቱ ይበልጥ ተለዋዋጭ የሆኑ አዳዲስ ንጥረ ነገሮች ወደ አየር ይወጣሉ። በሌላ አነጋገር ከቆዳው ላይ ተጣብቆ የነበረው ከባድ ቅባት ክንፍ ያበቅላል። አጋዘን ይህን አዲስ ሽታ ከሰው ጋር ያያይዘው ወይም አያያይዘው ሌላ ጥያቄ ነው፤ በማስታወቂያው ላይ የተሳለው ባዶ አየር ግን የለም።

ያልታየው አጋዘን

ይህ ሁሉ እያለ ብዙ ልምድ ያላቸው አዳኞች በመሣሪያዎቹ ይምላሉ፤ ምስክርነታቸውም በቅን ልቦና የተሰጠ ነው። ችግሩ ከሐቀኝነታቸው ሳይሆን ከመዝገቡ ነው። አዳኙ የሚቆጥረው ያየውን አጋዘን ነው። በ150 ሜትር ላይ ጠረኑን አግኝቶ፣ ጅራቱን ሳያሳይ፣ በቁጥቋጦ ውስጥ አቅጣጫ የቀየረው አጋዘን በማንም ማስታወሻ ላይ አይሰፍርም። ከነፋስ በታች ቆሞ ሳይደነግጥ ያለፈው አንዱ ግን ለዓመታት ይወራል። በዚህ መልክ የተሰበሰበ ማስረጃ አካፋዩ የጎደለው ክፍልፋይ ነው፤ ምንም ያህል ቢበዛ መልስ አይሰጥም።

ሁለተኛው የሚያሳስት ነገር የእንስሳው ልማድ ነው። መሽተት ማለት መሸሽ ማለት አይደለም። በከተማ ዳርቻ የሚኖሩ አጋዘኖች በየቀኑ የሰው ጠረን እያሸተቱ የጓሮ አበባ ይበላሉ። በእርሻ መካከል ያሉትም ትራክተር ነጂውን ያውቁታል። በነዚህ ቦታዎች መሣሪያ የያዘ አዳኝ «አጋዘኑ አላሸተተኝም» ሲል፣ እውነቱ «አሸተተኝ፤ ግድ አልሰጠውም» ሊሆን ይችላል። ያው መሣሪያ አደን በበዛበት ጫካ ሲወሰድ ዝናው ይከሽፋል። የሦስተኛውንም ማድላት ማንሣት ይበቃል፦ ብዙ መቶ ዶላር ለጠረን የሚያወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ነፋሱን የሚያጠና፣ ማልዶ የሚወጣ፣ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው ነው። ስኬቱ የማን ነው?

ከመሣሪያዎቹ ደጋፊዎች ክርክሮች ሁሉ እጅግ የሚከብደው ግን ከምስክርነት የተለየ ነው። አጋዘን የጠረንን ጥንካሬ እንደ ርቀትና እንደ ጊዜ መለኪያ ይጠቀምበት ይሆናል፤ የደከመ ጠረን «ሰው አለ፣ ግን ሩቅ ነው» ወይም «ሰው ነበረ፣ ሄዷል» ማለት ሊሆንለት ይችላል። እንዲህ ከሆነ 90 በመቶ ቅናሽ እንስሳውን ባያታልለውም ያዘገየዋል፤ ለቀስተኛ ደግሞ አሥር ሰከንድ መዘግየት ብዙ ነው። ይህ ሐሳብ ሊናቅ አይገባውም። ሐሳቡ የሚሸጠውን ቃል ኪዳን ግን ፈጽሞ ይለውጠዋል፤ ከመሰወር ወደ ማዘግየት ያወርደዋል። ደግሞም ሊፈተን የሚችል መላ ምት እንጂ የተረጋገጠ ነገር አይደለም።

በገንዘብ ሚዛን ሲታይ ርካሾቹ መንገዶች ብዙ ክርክር አያስነሡም። ሽታ በሌለው ሳሙና መታጠብ፣ የአደን ልብስን ከምግብ ቤትና ከነዳጅ ሽታ ለይቶ ማስቀመጥ፣ ጫማን ጫካው ዳር መቀየር ወጪያቸው ጥቂት ነው፤ ከላይ ባለው ሒሳብ መሠረት ርቀቱን በመጠኑ ቢያሳጥሩ እንኳ ይበቃቸዋል። በአንጻሩ የነፋስ አቅጣጫ ጠረንን በመቶኛ አይቀንስም፤ ከነፋስ በላይ ያለው አጋዘን ዘንድ የሚደርሰው ጠረን ከምንም የማይቆጠር ነው። የጠዋት ፀሐይ ያሞቀችው ተዳፋት አየሩን ወደ ላይ እንደሚልክ፣ ምሽት ሲበርድ ደግሞ አየሩ ወደ ሸለቆው እንደሚወርድ የሚያውቅ አዳኝ፣ ዱቄት የያዘች ትንሽ ጠርሙስ ጨምቆ የነፋሱን አካሄድ የሚያይ አዳኝ፣ በጥቂት ዶላር ያገኘው ጥቅም ከ99 በመቶ ይበልጣል። እዚህ ላይ መሣሪያው የሚያደርሰው እውነተኛ ጉዳት ይታያል። በመሣሪያው የተማመነ ሰው «ነፋሱን እርሳው» የሚለውን ምክር ሰምቶ ከተሳሳተው ዛፍ ላይ ይወጣል፤ ነፋሱን ያገኘውና ለመሸሽ የተወጠረው አጋዘን ላይ በችኮላ ቀስት ይለቃል። በችኮላ የተለቀቀ ቀስት ደግሞ ብዙ ጊዜ ያቆስላል እንጂ አይገድልም።

የጠረን ገበያው ሌላኛው ክፍል፣ ማለትም ከአጋዘን ሽንት የሚሠራው ማባበያ፣ በሌላ ምክንያት ጠባብ እየሆነ ነው። የአጋዘን መክሳት በሽታ የሚባለውንና ፈውስ የሌለውን ሕመም የሚያመጣው ፕሪዮን በሽንት ውስጥ ስለሚገኝ ቨርጂኒያና ቨርሞንትን የመሰሉ ግዛቶች የተፈጥሮ ሽንት ማባበያን ከልክለዋል። እነዚህ ክልከላዎች የሚያሳዩት መንግሥታት በአደን ጠረን ጉዳይ ለመወሰን ፈቃድ እንዳላቸው ነው፤ ለኦዞን ማመንጫዎች ግን ከኪስ ጉዳት ያለፈ ምርመራ ሲደረግ ብዙም አይታይም።

የሚያስፈልገው ሙከራ ውስብስብ አይደለም። ሁለት መልካቸውም ድምፃቸውም አንድ የሆነ መሣሪያዎች ይዘጋጁ፤ አንዱ ኦዞን ያመንጭ፣ ሌላው ማራገቢያው ብቻ ይዙር። የትኛው የትኛው እንደሆነ አዳኙም ቪዲዮውን የሚያነበው ሰውም አይወቁ፤ በየቀኑ በዕጣ ይመደቡ። የሚቆጠረው ከነፋስ በታች በተወሰነ ርቀት የገባ እያንዳንዱ አጋዘን ይሁን፤ በእንቅስቃሴ የሚነሡ ካሜራዎች አዳኙ ያላየውን ስለሚያዩ አካፋዩ ይሟላል። መለኪያውም ሸሸ ወይስ አልሸሸም የሚለው ብቻ ሳይሆን ራሱን እስኪያነሣ ድረስ የቆየው ሰከንድም ይሁን፤ የማዘግየቱ መላ ምት የሚፈተነው በዚህ ነው። ለምሳሌ ያለ መሣሪያ ከመቶ 60 የሚሸሽ ከሆነና መሣሪያው ወደ 45 ያወርደዋል ብለን ብንገምት፣ በተለመደው የ80 በመቶ ኃይልና የ5 በመቶ የስሕተት ደፍ በእያንዳንዱ ወገን 173 ያህል ምልከታ ያስፈልጋል። ያው አጋዘን ደጋግሞ ስለሚመጣ ምልከታዎቹ ነጻ አይሆኑም፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከዚህ ከፍ ማለት አለበት፣ እንስሳቱም በጆሮ ምልክት መታወቅ አለባቸው።

ምልክት ያላቸው እንስሳት ደግሞ አሉ። የኦበርን ዩኒቨርሲቲ በአላባማ ካምፕ ሂል አጠገብ ወደ 170 ሄክታር የሚሆን፣ በአጥር የተከበበ የነጭ ጅራት አጋዘን የምርምር ጫካ አለው፤ የሚሲሲፒ ስቴትና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎችም የአጋዘን ቤተ ሙከራዎች አሏቸው። አንድ የማስተርስ ተማሪ በሁለት የበልግ ወቅቶች፣ ከአንድ የኦዞን ማመንጫ ዋጋ ብዙም በማይበልጥ የመሣሪያ ወጪና በጥቂት ካሜራዎች፣ ይህን ሥራ ሊጀምረው ይችላል።